ድንቹ የት ይደር? የጓሮ ምርትን አይጥና ነቀዝ ሳይጠሩ ማቆያ፣ አማራጭ ከአማራጭ ጋር

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር የአዲስ አበባ ጓሮ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይሰጣል። ድንቹ ይቆፈራል፣ ቦሎቄው ይደርቃል፣ ቲማቲሙ ይቀላል፣ ዱባው አጥር ላይ ይንጠለጠላል። ለጎረቤት ተሰጥቶ፣ ለዘመድ ተልኮም ቤት የሚቀረው ብዙ ነው። ያኔ ጆንያው ጓዳ ጥግ ይደገፋል፣ ካሮቱ በፌስታል ይታሰራል፣ ቦሎቄው ማዳበሪያ ውስጥ ይገባል። ጥቂት ቆይቶ ኮርኒሱ ላይ ሩጫ ይሰማል።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው "ምን ዕቃ ልግዛ?" ብሎ ነው። ከዕቃው በፊት ግን አንድ ነገር መለየት አለበት። የምታስቀምጡት ነገር ይተነፍሳል ወይስ አይተነፍስም?

ድንች፣ ሽንኩርት፣ ካሮትና ቲማቲም ከተነቀሉም በኋላ ሕይወት አላቸው። አየር ይስባሉ፣ እርጥበትና ሙቀት ያወጣሉ። ከታፈኑ በራሳቸው ላብ ይበሰብሳሉ። የብስባሹ ሽታ ደግሞ ትንኙንም በረሮውንም አይጧንም ይጠራል። በደንብ የደረቀ ቦሎቄና በርበሬ ግን ትንፋሻቸው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እነሱን የሚጎዳቸው አየርና እርጥበት ማግኘታቸው ነው፤ ነቀዝም የሚኖረው በዚያው አየር ነው።

እኛ ቤት የሚደረገው በአብዛኛው የተገላቢጦሽ ነው። መተንፈስ ያለበትን ካሮት በፌስታል እናፍናለን፣ መታፈን ያለበትን ቦሎቄ አየር በሚያስገባ ማዳበሪያ እናስቀምጣለን። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው። እርጥቡን በሽቦ፣ በከፍታና በለቀማ እንጠብቀዋለን። ደረቁን ግን ዘግተን እንቆልፍበታለን።

ድንች፦ መሬት ውስጥ ይቆይ፣ ጆንያ ይግባ ወይስ ሳጥን?

በገጠር ድንችን መሬት ውስጥ ማቆየት የተለመደ ነው። ሲያስፈልግ ቆፍሮ መብላት ነው። ዕቃ አይፈልግም፣ ቤት አያጣብብም። ያላችሁ ሁለት ሦስት መደብ ብቻ ከሆነና ድንቹን በጥቂት ሳምንት የምትጨርሱት ከሆነ እኔም ይህንኑ እመርጣለሁ።

ከዚያ ካለፈ ግን እንግዳው ይበዛል። ፍልፈል ከሥር ትመጣለች። ምስጥና ጉንዳን ይበሱታል። ዝናቡ አልቆ አፈሩ ሲሰነጠቅ ደግሞ የድንች እሳት እራት በስንጥቁ ትገባና ድንቹ ዓይን ላይ እንቁላሏን ትጥላለች። ትሏ ውስጥ ለውስጥ ትቦረቡራለች። ዓይኑ ዙሪያ የሚታየው ጠቆር ያለ ዱቄት መሳይ ነገር ኩሷ ነው። ይህቺ እራት ከሁሉም በላይ የምታሳስበኝ ከድንቹ ጋር አብራ ቤት ስለምትገባ ነው። ትል ያለበት አንድ ድንች ጆንያ ውስጥ ከገባ እዚያው ትፈለፈላለች፣ እዚያው ትራባለች፣ ወደ ጤነኞቹም ትሻገራለች።

ስለዚህ ድንቹ ገና መሬት ውስጥ ሳለ አፈር አልብሱት፣ ስንጥቁንም ድፈኑ። ከተቆፈረ በኋላ ደጅ አታሳድሩት፤ እራቷ የምትበረው ሲመሽ ነው። በራሱ ቅጠል መሸፈንም ልማድ ነው፣ ግን ቅጠሉ ላይ ያለችውን ራሳችሁ እየጋበዛችኋት ነው። ወደ ቤት ከማስገባታችሁ በፊት አንድ በአንድ እዩት። የተበሳው፣ በዶማ የተቆረጠውና የተላጠው ለዚህ ሳምንት ወጥ ይሁን።

ጆንያ ርካሽ ነው፣ ይተነፍሳል፣ ብርሃንም ይከለክላል። ከላስቲክ ከተሠራው ማዳበሪያ በጣም ይሻላል። ድክመቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ ከተቀመጠ ከታች እርጥበት ይይዝና ሥር ያለው ድንች ማንም ሳያየው ይበሰብሳል። ሁለተኛ፣ አይጥ በአንድ ሌሊት ትበሳዋለች። ጆንያ ብቻ ካላችሁ እስከ ግማሽ ብቻ ሙሉት፣ በጡብ ላይ በተነጠፈ እንጨት ላይ አስቀምጡት፣ ከግድግዳም አርቁት።

ሳጥን ስል ከአትክልት ተራ የሚገኘውን ክፍተት ያለውን የእንጨት ሳጥን ማለቴ ነው። እሱን ውስጡን በሽቦ ወንፊት ታለብሱታላችሁ፣ ክዳኑንም እንዲሁ። ልብ የሚባለው የሽቦው ቀዳዳ ነው። የዶሮ ሽቦ አይሆንም፤ ቀዳዳው ሰፊ ነው። ትንሽ አይጥ 6 ሚሊ ሜትር በሆነ ቀዳዳ ትሾልካለች፤ እርሳስ የሚያሳልፍ ቀዳዳ እሷንም ያሳልፋታል ማለት ነው። ስለዚህ ከዚያ የጠበበ ሽቦ ግዙ። በላዩ ጆንያ ጣል አድርጉበት፣ ጨለማ ይሁንለት። አንድ ሁለት ሰዓት ሥራ ነው፣ ግን ለዓመታት ያገለግላል። ድንች ላይ ፍርዴ ይኸው ነው፦ ከአንድ ወር በላይ ለሚቆይ ድንች ሽቦ የለበሰ ሳጥን ከሁለቱም ይበልጣል።

ጨለማው ለምን? ድንች ብርሃን ካየ አረንጓዴ ይሆናል፣ አረንጓዴው ባለበትም ሶላኒን የሚባለው መርዛማ ነገር ይበዛል። የሚመር ድንች ለልጅ አይሰጥም። ትንሽ ብቻ ከሆነ በወፍራሙ ላጡት፣ ብዙ ከሆነ ጣሉት።

ለዘር የምታስቀሩት ድንች ግን ሕጉ ሌላ ነው። እሱ ስስ ብርሃን ይወዳል። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ለገበሬ ሲያስተዋውቀው የቆየው ባለ መደርደሪያ የዘር ድንች ማቆያ በዚህ ሐሳብ የተሠራ ነው። ቀጥተኛ ፀሐይ አያገኘውም፣ ነገር ግን ብርሃንና ነፋስ በጎን ይገቡለታል። በዚያ ውስጥ ድንቹ አጭርና ጠንካራ ቡቃያ ያወጣል። ጨለማ ውስጥ የከረመው ግን ነጭና ቀጭን ክር ያበቅላል፤ ሲተከልም ይሰበራል። ስለዚህ የሚበላውንና የሚዘራውን ከመጀመሪያው ለዩ።

ሽንኩርት፦ ይሰቀል ወይስ ይዘርጋ?

ከማስቀመጡ በፊት ማድረቁ ይቀድማል። ቀይ ሽንኩርት ከተነቀለ በኋላ ጥላና ነፋስ ባለበት ቦታ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይቆይ፣ ነጩ እስከ ሦስት ሳምንት። አንገቱ ሲጨመደድና ልጣጩ ሲንኮሻኮሽ ደርሷል። አንገቱ ወፍራም ሆኖ የቀረው አይቆይም፤ እሱን ቀድማችሁ ብሉት።

ነጭ ሽንኩርት ከሆነ መስቀል ነው። ጎንጉኖ ምስማር ላይ ማንጠልጠል ቦታ አይወስድም፣ አየር በየአቅጣጫው ያገኘዋል። ቀዩ ግን ሲበዛ ለመሰቀል ይከብዳል። ለእሱ ሁለት ምርጫ አለ፦ ሽንኩርት የሚሸጥበት መረብ ከረጢት ወይም አንድ ረድፍ ብቻ የሚዘረጋበት መደርደሪያ። መረቡ ይመቻል፣ ግን መሃል ላይ ያለው አንድ ሲበሰብስ አይታይም። መደርደሪያው ቦታ ይበላል፣ ግን ሁሉም ፊት ለፊት ነው። እኔ መደርደሪያውን እመርጣለሁ። ሽንኩርትን አይጥ ሌላ ምግብ እያላት ብዙም አትደፍረውም። ጠላቱ ሻጋታና እሱን ተከትሎ የሚመጣው ትንኝ ነው። ሁለቱንም የሚያሸንፈው በየሳምንቱ ማየት ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል።

ፍሪጅ ለደረቅ ሽንኩርት አይሆንም። እርጥበት ይይዛል፣ ይለሰልሳል፣ ይበቅላል። ከድንች ጋር በአንድ ጆንያ ማስቀመጥም አይሆንም። ድንቹ የሚያወጣው እርጥበት ሽንኩርቱን ያበቅለዋል።

አንድ ነገር ግን ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ነጭ ሽንኩርት ፈጭቶ ዘይት አልብሶ መደርደሪያ ላይ ማኖር አደገኛ ነው። አየር በሌለበት ዘይት ውስጥ ቦቱሊዝም የሚያስከትለው ባክቴሪያ ሊያድግ ይችላል፤ በሽታውም ይገድላል። ሽታውም ቀለሙም ላይለወጥ ይችላል። የተፈጨውን ፍሪዘር ውስጥ በትንሽ በትንሹ ከፋፍሎ ማስቀመጥ ይሻላል።

ቲማቲምና ቃሪያ፦ ፍሪጅ፣ ሸክላ ወይስ ድልህ?

ቲማቲም የትንኝ ወዳጅ ነው። ጠረጴዛ ላይ ካለው ቲማቲም አንዱ ሲሰነጠቅ ያቺ ትንሽ ቀይ ዓይን ትንኝ ትመጣለች። በሞቃት ቤት ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ የሚወስድባት አሥር ቀን ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ስትለቅሙ ሁለት ቦታ ክፈሉት። የተሰነጠቀውንና የተጎዳውን ዛሬውኑ ድስት ውስጥ አስገቡት። ደህናውን ሳታጥቡ፣ ግንዱ የነበረበትን ወደ ታች አድርጋችሁ፣ ሳይነባበር አስቀምጡት። ትንኟ ቀድማ ከገባች ደግሞ ብርጭቆ ውስጥ አቸቶ አድርጉና አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሩበት። ሽታው ይስባታል፣ ሳሙናው ያሰጥማታል። ብስባሹን ሳታስወግዱ ወጥመድ ብቻ ማስቀመጥ ግን ድካም ነው።

ፍሪጅ ጥሬውን ቲማቲም ያበላሸዋል፤ አይበስልም፣ ጣዕሙም ይጠፋል። በደንብ ለቀላው ጥቂት ቀን መጨመሪያ ይሆናል። ቃሪያ ግን ደረቅ ሆኖ በወረቀት ከተጠቀለለ ፍሪጅ ይስማማዋል፤ አንድ ሁለት ሳምንት ይቆያል። የፍሪጅ ትልቁ ጥቅም ተባይ የማይገባበት መሆኑ ነው። ትልቁ ድክመቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ መብራት ይጠፋል። ያልተከፈተ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን የሚይዘው አራት ሰዓት ገደማ ነው። ጢም ብሎ የሞላ ፍሪዘር ካልተከፈተ እስከ ሁለት ቀን፣ ግማሽ ከሆነ አንድ ቀን ይይዛል። መብራት ሲጠፋ "ምን ሆኖ ይሆን" እያሉ ከመክፈት መቆጠብ ነው።

ፍሪጅ ለሌለው ወይም መብራቱ ለማያስተማምነው የሸክላ ማቀዝቀዣ አለ። ትልቅ ሸክላ ውስጥ ትንሽ ሸክላ ይቀመጣል፣ መሃሉ በአሸዋ ይሞላል፣ አሸዋው በቀን ሁለቴ ውሃ ይጠጣል። ውሃው እየተነነ ውስጡን ያቀዘቅዛል። ናይጄሪያዊው መምህር መሐመድ ባህ አባ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሰሜን ናይጄሪያ ያስፋፋው ይህንኑ ነው። ለእኛ ሸክላው ችግር አይደለም፤ አዲስ አበባ ቀጨኔ ሄዶ ከሴቶቹ ሸክላ ሠሪዎች መግዛት ነው። ያልተቀባና ያልተሟሸ ይሁን፤ ዘይት የጠጣ ሸክላ ውሃ አያተንም።

ሸክላው የሚሠራው ግን አየሩ ደረቅ ሲሆን ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር አዲስ አበባ፣ ዓመቱን በአብዛኛው ደግሞ ድሬዳዋና አፋር ይስማሙታል። በሐምሌና በነሐሴ አዲስ አበባ ውስጥ እርጥብ አሸዋና ሻጋታ ነው የምታተርፉት። ከተባይ አንጻርም አንድ ጣጣ አለው። በረሮ ውሃ ፈላጊ ናት፣ የሚንጠባጠብ ሸክላ ደግሞ ምንጯ ይሆናል። ከወለል ከፍ ባለ የብረት ማቆሚያ ላይ አድርጉት፣ በእርጥብ አቡጀዲም ሸፍኑት።

ከሦስቱ ምርጫ ብትሉኝ ብዛት ላለው ቲማቲም ድልህ ነው። ቀቅሎ፣ አጥልሎ፣ አወፍሮ በትንንሽ ዕቃ ፍሪዘር ውስጥ መክተት። ትንኝ የለ፣ አይጥ የለ። ቤት ውስጥ በጠርሙስ አሽጎ መደርደሪያ ላይ ማኖር ግን ትክክለኛውን አሠራር ለማያውቅ ሰው አልመክርም።

ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ጎመንና ዱባ ባጭሩ

ካሮት እንደተነቀለ ቅጠሉ ይቆረጥ፤ ቅጠሉ ውሃውን ይመጠዋል። ቀይ ሥር ላይ ግን ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር አገዳ ይቅር፣ ጭራውም አይቆረጥ፣ አለዚያ ይደማል። ፍሪጅ ላላችሁና ለትንሽ ካሮት በጨርቅ ጠቅልሎ ከታችኛው መሳቢያ ማስገባት ይበቃል። ብዛት ላለው የአሸዋ ሳጥን ነው። አሸዋው ሲጨበጥ እጅ የሚያረጥብ እንጂ የማይንጠባጠብ ይሁን። ካሮቶቹ እርስ በርስ አይነካኩ። ያለ ሽቦ ክዳን ግን አትሞክሩት፤ አይጥ ካሮት ትወዳለች። መሬት ላይም አታስቀምጡት፣ ምስጥ አለ።

ሀበሻ ጎመንን ማቆየት ማለት አለመልቀም ነው። የታችኛውን ቅጠል እየቀነጠሱ እዚያው ማቆየት ከየትኛውም ዕቃ ይበልጣል። ከበዛ ሁለት ሦስት ደቂቃ አፍልቶ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ጨምቆ ፍሪዘር።

ዱባ ከእነ መያዣ አገዳው ይቆረጥ። ጥቂት ቀን ፀሐይ ይምታው። ከዚያ መደርደሪያ ላይ ሳይነካካ ወራት ይቆያል። አይጥ የምትፈልገው ፍሬውን ነው፣ ለዚያ ብላ ቅርፊቱን ትበሳለች። ስለዚህ ዱባም ወለል ላይ አይቀመጥም።

በርበሬና ቦሎቄ፦ እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል

ደረቁን ለማቆየት መጀመሪያ እውነት ደርቆ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ያልደረቀ ነገር አፍኖ መዝጋት ሻጋታ ማርባት ነው። አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን ያወጣል፤ እሱን ደግሞ ማብሰል አያጠፋውም። የሻገተ ዛላ "ሲፈጭ አይታወቅም" ተብሎ ከደህናው ጋር የሚቀላቀልበት ቤት አለ። ይህ ቁጠባ አይደለም።

ዛላው ሲነቀነቅ ፍሬው ይንሿሿ፣ ሲታጠፍም ይሰበር። ቦሎቄ ሲነከስ የጥርስ ምልክት አይያዝ። የበለጠ እርግጠኛ መሆን ለሚፈልግ የጨው ሙከራ አለ። በደረቅ ጠርሙስ ሩብ ያህል ቦሎቄና ትንሽ ደረቅ ጨው ጨምሩ፣ አንድ ደቂቃ ያህል ነቅንቁ፣ ሩብ ሰዓት ተዉት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ ቦሎቄው ገና ነው፤ ፀሐይ ይጨመርለት።

የቦሎቄ ነቀዝ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ነቀዙ ሁልጊዜ ከጓዳ አይመጣም። ገና ማሳ ላይ ሳለ እሸቱ ሲደርቅ እንቁላሉን ይጥላል። ከዚያ "ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ነበር ያስቀመጥኩት፣ ከየት መጣ?" ይባላል። አብሮ ነው የገባው። ፀሐይ ላይ ማስጣት አዋቂውን ነቀዝ ያባርራል፣ ፍሬው ውስጥ ያለው ትል ግን ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

ፍሪዘር ላለው ቤት ቀላሉ መፍትሔ ይኸው ነው። በደንብ የደረቀውን ቦሎቄ ጥቅጥቅ ባለ ላስቲክ አስሮ አንድ ሳምንት ፍሪዘር ውስጥ ማሳደር። እንቁላሉም ትሉም ይሞታል። ሲወጣ ላስቲኩ ቶሎ አይከፈት፤ የቤቱን ሙቀት እስኪይዝ ይቆይ፣ አለዚያ ጤዛ ይዞ ይረጥባል። ከዚያ ወደ ቋሚ ዕቃው።

ቋሚ ዕቃው ምን ይሁን? ማዳበሪያን ከውድድሩ አውጡት። አየር ያስገባል፣ አይጥም አያቆምም። ለጓሮ መጠን፣ ማለትም ለአምስት ለአሥር ኪሎ፣ የምመርጠው ንጹሕና ደረቅ ጀሪካን ነው፤ ዘይት የነበረበት ከሆነ ታጥቦ በደንብ የደረቀ። ለትንሹ የሃይላንድ ጠርሙስም ይበቃል። ዋናው ቁም ነገር እስከ አፉ መሙላት ነው። ውስጥ የቀረች ትንሽ አየር ካለች የተረፈው ነቀዝ ተንፍሶ ይጨርሳታል፣ ከዚያ ይታፈናል። ግማሽ የሆነ ጀሪካን ግን ለነቀዝ ሰፊ ቤት ነው። ስለዚህ አንድ ትልቅ ከመክፈት ብዙ ትንንሽ ሞልቶ አንድ በአንድ መክፈት ይሻላል።

ፒክስ የሚባለው ሦስት ንብርብር ከረጢትም የሚሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው። ሁለት ወፍራም ላስቲክ ከውስጥ፣ ማዳበሪያ ከውጭ። የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከካሜሩን ተመራማሪዎች ጋር በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ለአደንጓሬ መሰል እህል ብሎ የጀመረው ነው፤ ዛሬ እኛም ሀገር ይሸጣል። ያለ መድኃኒት ነቀዝን ያቆማል፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የሚያዋጣው በኩንታል ለሚያስቀምጥ ነው። ከዚያም አይጥ አንድ ቀዳዳ ከበሳችው ሥራው አበቃ። ለጓሮ ቦሎቄ አልገዛውም። ከገጠር በኩንታል ለሚመጣለት ቤት ግን እመክራለሁ።

የጥንቱ ዘዴም አይናቅ። ቦሎቄን ወይም ማሽላን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ ማስቀመጥ ገበሬው የሚያውቀው ነው። ጤፏ በፍሬዎቹ መሃል ያለውን ክፍተት ትሞላለች፣ ነቀዝ መንቀሳቀሻ ያጣል። ጤፏን ራሷን ደግሞ ከትንሽነቷ የተነሳ ነቀዝ አይበላትም። ሲፈለግ በወንፊት መለየት ነው። የተነፋ አመድም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፣ ማጠቡ ግን ያሰለቻል። ጀሪካን ካላችሁ ሁለቱም አያስፈልጓችሁም።

በርበሬን ዛላውን ነው ወይስ አስፈጭቶ? ዛላው መዓዛውን ይይዛል፣ ግን ቦታ ይወስዳል፤ ትንንሽ ቡናማ ጥንዚዛም ትበሳዋለች። የተፈጨው በብርጭቆ ጠርሙስ ተጠቅጥቆ፣ ከብርሃን ርቆ፣ ከተቻለም ፍሪዘር ውስጥ ቢሆን ጥንዚዛም ሻጋታም አያገኘውም። ግማሹን አስፈጭቶ ግማሹን በዛላ ማቆየት የብዙ እናቶች መንገድ ነው። ለዛላው ጥብቅ ክዳን ያለው የላስቲክ በርሜል ይሻላል፤ ጆንያ አይሆንም።

አሁን ወደማልደራደርበት ነገር። እህል ውስጥ የሚጣለውን የነቀዝ ክኒን መኖሪያ ቤት ውስጥ አትጠቀሙ። ክኒኑ የአየር እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ከጓዳ ወደ መኝታ ክፍል ይሄዳል። "ትንሽ ነው፣ መስኮት ከፍቻለሁ" አይሠራም። ለጥቂት ኪሎ ቦሎቄ ቤተሰብን አደጋ ላይ መጣል ምን ይሉታል? ናፍታሊንም ለቁም ሳጥን ነው ከተባለ ይሁን፣ ከምግብ ጋር ግን አይቀመጥም።

አይጧን ማን ያቁማት?

ድመት? ጥሩ ናት፣ ሽታዋም አይጥ ሊያርቅ ይችላል። ነገር ግን የጠገበች የከተማ ድመት አይጥ ሲያልፍ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ መልሳ ትተኛለች። በዚያ ላይ አሸዋ ሳጥኗን ከካሮታችሁ የአሸዋ ሳጥን ጋር ልታምታታው ትችላለች፣ ክዳኑን አትርሱ።

መርዝ ምግብ ባለበት ጓዳ አይደረግም። አይጧ በልታ ኮርኒስ ውስጥ ትሞታለች፣ ሽታው ለሳምንታት ይቆያል። ልጅና ድመትም ያገኙታል። የመንጠቂያ ወጥመድ ይሻላል። በግድግዳው ጥግ፣ አይጥ በምትሄድበት መስመር ላይ፣ ማታ ይጠመዳል፣ ጠዋት ይታያል። የሙጫ ወጥመድም ይይዛል፣ ግን በሕይወት ያለች አይጥ ይዞ መዋሉ ለእሷም ለእናንተም ጥሩ አይደለም።

ሁሉም ግን ከሽቦውና ከመድፈኑ በኋላ ነው የሚመጣው። የውሃ ቱቦ በሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ፣ በበሩ ሥር፣ ኮርኒሱ ከግድግዳ በሚገናኝበት ተመልከቱ። ቀዳዳውን በብረት የዕቃ መፈግፈጊያ ጠቅጥቁና በሲሚንቶ ድፈኑት። ጨርቅና ፎም አይበቃም፤ ትቆረጥመዋለች።

ጉንዳን ለሚያስቸግረው መደርደሪያ የድሮው ዘዴ ይሠራል። እግሮቹን ውሃ ባለበት ጣሳ ውስጥ አቁሙ። ውሃውን ግን በየሳምንቱ ቀይሩ፣ ወይም በላዩ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጉ፣ አለዚያ ቢምቢ ታረቡበታላችሁ። ካርቶንን በሚመለከት ደግሞ ከገበያ የመጣ ካርቶን ጓዳ አይደር። በንብርብሩ መሃል በረሮ ትደበቃለች፣ እንቁላሏንም እዚያው ታኖራለች።

በትንሽ ገንዘብ ከየት ይጀመር?

ሁሉንም በአንድ ጊዜ መግዛት አያስፈልግም። ለእኔ የመጀመሪያው ወጪ ጠባብ ቀዳዳ ያለው ሽቦ ነው፤ ሁለት ሦስት ሜትር ለድንቹም ለካሮቱም ሳጥን ይበቃል። ቀጥሎ መደርደሪያ፣ ከወለል ከጉልበት በላይ፣ ከግድግዳም አንድ ስንዝር የራቀ። ጀሪካኑና ጠርሙሱ ቤት አለ። ሸክላው ድንገት ብዙ ቲማቲም ላለው ብቻ ነው። ፒክሱን ለኩንታል ባለቤት ተዉለት።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያላችሁ ጓዳ የላችሁም፣ በረንዳው ደግሞ ፀሐይ ይመታዋል። ለእናንተ ድንችና ሽንኩርትን ለየብቻ፣ ድንቹን በእቃ ማጠቢያው ተቃራኒ ባለው ጨለማ ቁም ሳጥን፣ ሽንኩርቱን አየር በሚያገኘው ቦታ ማድረግ ይሻላል። ከእቃ ማጠቢያው ሥር ያለው ቦታ ምቹ ይመስላል፣ ነገር ግን እርጥብ ነው፣ የበረሮም ሰፈር ነው። ከጋራ ደረጃው ላይ ጆንያ አታኑሩ፤ አይጧ የሁሉም ትሆናለች፣ ወቀሳው ግን የእናንተ ብቻ። ቲማቲሙን ገና ቀላ ሲል ልቀሙት፣ በመስኮት ጠርዝ ላይ ሳይነካካ ደርድሩት፣ በየማታውም አንዴ እለፉበትና የለሰለሰውን ለነገ ቁርስ ስልስ አንሱት።